የሕያው ሰው ፍትሐት

መቁጠሪያ ለሁለት ሲደገም ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎች ከሃምሳ አለቃ ሚዛን ጋር ደግመው አያውቁም። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ አንዱ የጸሎቱን የመጀመሪያ ግማሽ ይላል፣ ሌላው ሁለተኛውን ግማሽ ይመልሳል። እኔ «ሰላም ለኪ ማርያም» ብዬ እጀምራለሁ፣ እሱ «ቅድስት ማርያም» ብሎ ይቀበለኛል። ሃምሳ ጊዜ። በየቀኑ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መለዋወጫ ጎማ በሚከማችበት ኮንቴይነር ውስጥ፣ እሱ አንዱ ጎማ ላይ እኔ ሌላው ጎማ ላይ፣ ጉልበታችን እንዳይነካካ ተጠንቅቀን። ከጸሎቱ ውጪ አንዲት ቃል አንለዋወጥም ነበር።

ሚዛን ካምፑ ያወጣለት ስም ነው። ሳሙና ሲያድል እንኳ አንዱ ከአንዱ በለጠ እንዳይባል ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያስተያይ ሰው ነው። እኔን ደግሞ «ጳጳሱ» ይሉኛል፣ መቁጠሪያዬ አንገቴ ላይ ስለሚታይ። ባሕር ተሻግሮ በሰው አገር ሰላም ሊያስከብር ከመጣው መቶ ሃያ ወታደር ውስጥ ካቶሊክ እኔና እሱ ብቻ ነን። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው። መቶ አሥራ ስምንቱን ትቶ እሱን ሰጠኝ።

እንዴት እንደምንጸልይ ልንገራችሁ። እሱ «ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞች» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዓይኑን እኔ ላይ ይተክላል። እኔ በበኩሌ ትንፋሽ እንዳይወስድ ገና ሳይጨርስ የሚቀጥለውን እጀምርበታለሁ። «አባታችን ሆይ» ላይ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስደርስ ሳል ይይዘኛል። ሁልጊዜ። ሌላ ቦታ ይዞኝ አያውቅም። ከሁሉ የሚያንጨረጭረኝ ግን አንድ አመሉ ነበር፤ መጨረሻው ላይ «አሁንም፣ በሞታችንም ጊዜ» ማለት ሲገባው «አሁንም፣ አሁንም፣ በሞታችንም ጊዜ» ይላል። ሁለቴ። እመቤታችን ጆሮዋ የከበደ ይመስል። እኔን ለማናደድ የሚጨምረው ነበር የሚመስለኝ። ከሆነም ተሳክቶለታል።

ወደን አይደለም አብረን የተቀመጥነው። የጦሩ ቄስ በየሁለት ወሩ ከካምፕ ካምፕ ሲዞሩ እኛም ጋ ይደርሳሉ፣ መመገቢያው ድንኳን ውስጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቀድሳሉ። ምእመኑ ሁለት ሰው ነው። ባለፈው ሲመጡ «ሰላምታ ተሰጣጡ» ሲሉ እኔ ወደ ግራ ዞርኩ፣ እሱ ወደ ቀኝ። ግራዬ የድንኳን ሸራ ነበር። ሸራውን እጅ ነሳሁት። አባ ቅዳሴውን ገታ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩን።

«ሁለት ሰው ናችሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሁለት! እኔ እስክመለስ በየቀኑ መቁጠሪያ አብራችሁ ትደግማላችሁ። አንዳችሁ ብትቀሩ ሁለታችሁም አትቆርቡም።»

በቁርባን አልደራደርም። ሚዛንም እንደዚያው ነው፣ ይህቺን አልነፍገውም። ስለዚህ ተቀመጥን። ካምፑ ሳቀብን። ወጥ ቤት ያሉት «የአሥራ አንድ ሰዓት ሙሽሮች» አሉን፣ ስናልፍ በማንኪያ ሳህን እየመቱ።

ጸሎቴ ድሮ እንዲህ አልነበረም። እዚህ በመጣሁበት ሰሞን ቅኝት ስንወጣ መኪናው ላይ አንድ እጄ ከጠመንጃዬ ምላጭ አጠገብ፣ ሌላው ኪሴ ውስጥ መቁጠሪያዬ ላይ ይሆናል። መንገድ ዳር ቆማ ውሃ ለምትቀዳው ሴት፣ ፈንጂ አለበት ለሚባለው ድልድይ፣ ለሾፌራችን፣ ቋንቋዬን ለማያውቁ ሰዎች ሁሉ እጸልይ ነበር። ፍርሃቴ በጣቶቼ በኩል ይወጣልኝ ነበር። ከጥሉ በኋላ ግን ቅንጣቶቹ ሁሉ እሱን ይመስሉኝ ጀመር። አንዷን በያዝኩ ቁጥር ሚዛን፣ ሚዛን፣ ሚዛን።

ጥሉ እንዲህ ነው። በወባ ሰሞን ግማሹ ጓድ ተኝቶ እኔ የምዕራቡ ማማ ላይ ሁለት ፈረቃ ተከታትዬ ቆምኩ። ማማው ቆርቆሮ ነው፣ ከምሳ በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። ተኛሁ። አልክድም፤ ቁጭ ብዬ፣ ጠመንጃዬን ታቅፌ ተኛሁ። ስነቃ ሚዛን ከፊቴ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦ «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ እስከ ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ በጥበቃ ላይ ተኝቶ ተገኝቷል።» አሥራ አንድ ደቂቃ። ሰው ተኝቶ ሲገኝ በእርግጫ ይቀሰቀሳል፣ ይሰደባል፣ አለቀ። እሱ ግን አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንደ በግ ገዢ ቆሞ አየኝ።

ሻምበሉ ፈቃዴን ሰረዙት። ፈቃዱን የጠየቅኩት አባቴ ታሞ ስለነበር ነው። አውሮፕላኑ ያለ እኔ ሄደ፤ በዘጠነኛው ቀን ታላቅ እህቴ ደውላ «አባባን ቀበርነው» አለችኝ። ሬሳውን የጎረቤት ልጆች ተሸከሙት። የኔ ትከሻ እዚህ የአሸዋ ጆንያ ይሸከም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዛን ላይ ጥርሴን ነከስኩ።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔ ያገኘሁት ማጭድ ቅዳሴ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ሽማግሌ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ በድሮ ዘመን ክፉ ሰዎች ለጠላታቸው በቁሙ ፍትሐት ያስደርጉ ነበር፣ ቶሎ እንዲሞት። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ያደረገውን ታወግዝ ነበር። ታሪኩን አስታወስኩ፣ ውግዘቱን ረሳሁ።

እሑድ እሑድ በሬዲዮ ክፍሉ ስልክ ለእያንዳንዳችን አሥር ደቂቃ ይሰጠናል። ለእህቴ ደወልኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚህ ጓደኛዬ ሞተ። በቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን የሙታን ቅዳሴ አስደርጊለት።»

«ውይ ወንድምዬ! ምን ሆኖ?»

«በድንገት ነው።»

«ትቀራረቡ ነበር?»

«በየቀኑ አብረን ነበር የምንጸልየው» አልኳት። ይህቺ እንኳ እውነት ነበረች።

እህቴ አለቀሰች። የሚዛንን የክርስትና ስም ከነአባቱ ነገርኳት፤ አባ መዝገባቸው ላይ ሲጽፉት አይቼው ነበር። «አደራ፣ ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበብ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን ብደብቅ ከሁሉም የባሰ ውሸት ይሆንብኛል። በሚቀጥለው እሑድ እዚያ ስሙ ከሙታን ጋር በሚነበብበት ሰዓት ሚዛን እዚህ ሁለተኛ ሳህን ሩዝ ያነሳ ነበር። ሲበላ አየሁት፣ እኔም በደስታ በላሁ። ያን ቀን መቁጠሪያውን ስንደግም ትንፋሽ እንኳ ሰጠሁት።

የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። እኛ ካቶሊኮች በአገራችን እፍኝ አንሞላም። አንዱ ሲያነጥስ በወዲያኛው ጫፍ ያለው «ይማርህ» ይላል። አንድ ቁምስና ውስጥ ስም ጮክ ተብሎ ከተነበበ የሚያውቀው ጆሮ አይጠፋም። ይህን ማንም ሌላ ወታደር ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

ሐሙስ ዕለት ሚዛን ዘገየ። በሰባት ሳምንት አንድ ደቂቃ አዛንፎ የማያውቅ ሰው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኖ አልመጣም። ሊያስቀረኝ ነው፣ ቁርባኔን ሊያስከለክለኝ ነው ብዬ ስብከነከን ገባና ጎማው ላይ ተቀመጠ። መቁጠሪያውን አላወጣም።

«እናቴ ሞተሃል አለችኝ» አለ።

ክው አልኩ።

«አክስቴ እሑድ ለዘመድ ጥየቃ ከተማ ገብታ ቅዳሴ ቆማ ስሜን ከሙታን ጋር ሰማች። ከነአባቴ ስም። ሮጣ ሄዳ ለእናቴ መርዶ ነገረቻት። ዛሬ ሻምበሉ አስጠርተውኝ ደወልኩላት። ‹እማ፣ እኔ ነኝ› ስላት ‹አይደለህም› አለችኝ። ‹ሊያጽናኑኝ ያዘጋጁህ ሰው ነህ። ልጄ በመቅደስ ስሙ ተጠርቷል። ቤተ ክርስቲያን ትዋሻለች?› ብላ ዘጋችብኝ። ስኳር አለባት። መድኃኒቷን ያለ ምግብ አትወስድም። አራት ቀኗ ነው እህል ከቀመሰች።»

የመቁጠሪያዬን ቅንጣቶች አንድ በአንድ እቆጥር ጀመር።

«የስም መመሳሰል ይሆናል» አለ ለራሱ። «ሌላ ምን ይሆናል? ሰው ይህን ሆን ብሎ አያደርግም።»

እንዲህ ነው ሚዛን። ሁሉን ነገር ይመዝናል፣ ለዚህ ግን የሚሆን ድንጋይ አላገኘም። መቁጠሪያውን አወጣና «የዛሬውን ለእሷ እናድርገው» አለኝ። «እባክህ። ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም። ጀምር።»

ጀመርኩ። አንዷን አልን፣ ሁለተኛዋን አልን። ሦስተኛዋ ላይ «አሁንም፣ አሁንም…» ብሎ የቀረው አልወጣ አለው። ኮንቴይነሩ ውስጥ የጎማ ሽታና የሁለታችን ትንፋሽ ብቻ ነበር። የራሴ መቁጠሪያ በእጄ ከበደኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ?»

«ስምህን የሰጠሁት። እህቴን ዋሽቼ። ፍትሐት ያስደረግኩልህ እኔ ነኝ።»

እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። ፊቴን ሰጥቼ ጠበቅኩ። እሱ ግን የተቀመጠበትን ጎማ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ለምን?» አለ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመህ አየኸኝ!» ጮህኩ። ጥፋተኛው እኔ፣ የምጮኸውም እኔ። «መቀስቀስ ስትችል፣ ሰዓትህን ይዘህ ቆመህ አየኸኝ! አባቴን ሳልቀብር ቀረሁ!»

«አንተን?» አለ። «አንተን ምን አይሃለሁ? ማማው ላይ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ሁለት ፈረቃ እንደቆምክ ተረኛ ደልዳዩ እኔ ነኝና አውቃለሁ። ትንሽ ይተኛ ብዬ ባንተ ፈንታ ቆሜ ወደ ውጪ ነበር የማየው። አሥራ አንድ ደቂቃ ሰጠሁህ፤ ከዚያ በላይ ሌላ ሥራ ነበረብኝ። ቀሰቀስኩህ፣ ጻፍኩት። መዝገብ መዝገብ ነው።» ቀና አለ። «አባትህ መታመማቸውን ለማን ተናግረሃል?»

ለማንም አልተናገርኩም። ፈቃድ ስጠይቅ «የቤተሰብ ጉዳይ» ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ማንም እንዳያዝንልኝ።

ሚዛን ተነሳ። «ይህን አልጽፈውም» አለኝ። «ደግሞ ማረኝ ብለህ እንዳታስብ። ለዚህ የሚሆን መዝገብ ስለሌለኝ ነው። ተነስ፣ ውጣ፤ ለእናቴ ራስህ ትነግራታለህ።»

ሬዲዮ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የማይሠራ ማራገቢያ። የስልኩ ማዳመጫ ከተሰበረ ሳምንት ስለሆነው የደዋዩም የተደዋዩም ድምፅ ለክፍሉ ሁሉ ይሰማል። ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ፊታችንን አይቶ ያለ ፊርማ ፈቀደልን፣ ከዚያም ምንም እንደማይሰማ ሰው ጫማውን ማሰር ጀመረ። እስከ መጨረሻው ያንኑ ጫማ ያስር ነበር።

መጀመሪያ ለእህቴ ደወልኩና ያለውን ሁሉ ነገርኳት።

«ለአባባ ካለቀስኩት በላይ አለቀስኩለት» አለችኝ በቀስታ። «ወንድሜ ብቻውን ቀረ ብዬ። አባባ ምን ይል ነበር? ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት። ረሳኸው?»

ሳሌን ማን ነገራት?

«ለቆሞሱ ራስህ ደውለህ ንገራቸው፣ እሑድ በዚያው አፋቸው ያርሙት። እኔ ባንተ ፈንታ አላፍርልህም።» ዘጋችው።

እሑድ ሦስት ቀን ይቀረዋል። የሚዛን እናት ደግሞ ሦስት ቀን ያላት አትመስልም። በእሷ ቁጥር ደወልን፤ አክስትየዋ አነሳችና አቀበለቻት። ድምፅዋ ክር ያህላል።

«ማነው?»

«እማማ፣ እኔ ከልጅዎ ጋር ያለሁ ወታደር ነኝ። ልጅዎ አልሞተም። ዋሽቼ ስሙን ያስጠራሁት እኔ ነኝ።»

«ሂድ ወዲያ! አንተም አጽናኝ ነህ?»

«አይደለሁም። ጠልቼው ነው ያደረግኩት።»

«ጠልተኸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አሁንስ?»

ሚዛን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አየሁት። እናቱ ልትሞት ነው፣ ያውም በኔ። ልቤ ግን እንደ ሸሚዝ አይገለበጥም። መዋሸት ደግሞ በቅቶኛል።

«አሁንም ደስ አይለኝም» አልኩ።

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ቀና ብላ የተቀመጠች መሰለኝ። «ሊያጽናና የመጣ ሰው እንዲህ አይልም» አለች። «እዚህ አራት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ ይወደው ነበር ይሉኛል። ልጄን ሰው ሁሉ አይወደውም፣ እኔው የወለድኩት አውቀዋለሁ። እስቲ ያንን ልጅሽ ነኝ ያለኝን ሰውዬ አቅርበው። እንዳያወራኝ። ጸሎቱን ስጀምር ይመልስልኝ ብቻ።»

እሷ ጀመረች። የመጀመሪያውን ግማሽ እየተንቀጠቀጠች፣ ቃል በቃል አለችው። ሚዛን ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ መለሰላት። «ቅድስት ማርያም፣ የእግዚአብሔር እናት ሆይ፣ ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞች ለምኚልን፤ አሁንም፣ አሁንም፣ በሞታችንም ጊዜ።»

«አሁንም፣ አሁንም» አለች እናቱ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ሆነ። «እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩት። አንዴ ብቻ ካልን በሥራ ብዛት ትረሳናለች ብዬ። እኔ ነኝ! ልጄ ነው! እናንተ፣ የሚበላ ነገር አምጡልኝ!» አክስትየዋ እልል አለች፣ ዕቃ ተንኳኳ። ሚዛን እጁን ዓይኑ ላይ አድርጎ «እማ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረም። ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ጫማውን እያሰረ አፍንጫውን ሳበ።

ልሹለክ ስል ጠራችኝ።

«ያ ጠላቱ አለህ?»

«አለሁ፣ እማማ።»

«አንተስ የሞተብህ ሰው አለህ?»

«አባቴ።»

«ለእሱስ ጸለይክለት?»

«እህቴ ፍትሐት አስደርጋለታለች።»

«ያንተን ነው የጠየቅኩህ።»

ሰባት ሳምንት፣ በየቀኑ ሃምሳ። አንዷንም ለአባቴ አልሰጠሁም። ጠዋት ስነሳ ሚዛን፣ ማታ ስተኛ ሚዛን። የአባቴን ሞት ሚዛንን የምጠላበት ምክንያት አድርጌ ያዝኩት እንጂ አባቴን አልቅሼለት አላውቅም። ይህን ያወቅኩት እዚያ፣ በሁለት ሰው ፊት፣ የሰው እናት ጠይቃኝ ነው። አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ደግሞ አባቴ ናፈቀኝ፣ በጣም ናፈቀኝ።

«እንግዲህ ለቋሚ ያባከንከውን ለሟች ስጥ» አለችኝና ልጇን መልሳ ጠራችው።

ወደ ኮንቴይነሩ ስመለስ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። መጣ። ጎማው ላይ ተቀመጠ፣ እንደ ወትሮው ጉልበቱን ሰበሰበ።

«ይቅር አላልኩህም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ያልኩህ ቀን እኔው እነግርሃለሁ። እስከዚያ እንዳትጠይቀኝ።» መቁጠሪያውን አወጣ። «ሦስተኛዋ ላይ ነው ያቆምነው። የአባትህ የክርስትና ስም ማነው?»

ነገርኩት። መዝገብ ላይ እንደሚያሰፍር ሰው አጣርቶ ደገመው፣ አንዲት ፊደል ሳይስት። ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

መጀመር የኔ ተራ ነበር። አልቻልኩም። ሳል አይደለም፤ ሳል ቢሆን ደስ ባለኝ። ሚዛን ትንሽ ጠበቀኝ፣ አላየኝም፣ ወደ በሩ ወደ ውጪ እያየ ጠበቀኝ። ከዚያ የኔን ግማሽ ራሱ ጀመረው፤ በቀስታ፣ ትንፋሽ እየሰጠኝ። የቀረው የኔ ነበር።

«ቅድስት ማርያም» አልኩ። «ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞች ለምኚልን፤ አሁንም…»

ቆምኩ። ጠበቀኝ።

«አሁንም» አልኩ እንደገና፣ «በሞታችንም ጊዜ።»